ለሶርያ ሃምስተር የሚገባው ማደሪያ

የዛሬው ትምህርታችን የሶርያ ሃምስተር ስለምትባለው ትንሽ እንስሳና በሰው ቤት ስትኖር ስለሚገባት ማደሪያ ነው። ይህች እንስሳ ከአይጥ ወገን የምትቈጠር፣ ጀርባዋ ወርቅማ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ እጅግ አጭር፣ በጉንጮቿ ውስጥ እህል የምታጓጕዝበት ከረጢት የተፈጠረላት፣ ስታድግ ከ100 እስከ 150 ግራም የምትመዝን፣ ዕድሜዋም በተለምዶ ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ፍጥረት ናት። በአውሮፓና በአሜሪካ ሕፃናት በየቤቱ ያሳድጓታል፤ በዚያ የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆችም ወላጆቻቸውን ግዙልን እያሉ ይለምናሉ።

ከአድማጮቻችን አንዱ ምናልባት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት፣ በመተማ ዮሐንስ ዙሪያ እስከ ሱዳን ወሰን በተዘረጋው በዚህ ቆላ፣ ሰሊጡንና ማሽላውን ለማረም ጎሕ ሳይቀድ ለሚነሣ ሰው፣ የባዕድ አገር እንስሳ ማደሪያ ምን ይረባዋል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ምላሹም አለ፤ ይኸውም የሶርያ ሃምስተር ከዱር ወጥታ ወደ ሰው ቤት የገባችበት ጥንተ ነገር ሕፃናትን ለማጫወት ሳይሆን፣ የመተማ ሰው ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ካላዛርን ለመመርመር በመሆኑ ነው። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ ወርዶ ሌሊቱን በግራር ሥር ከሜዳ የሚያድረውን ወጣት፣ በዋልካው አፈር ስንጥቅ የምትሸሸገው የአሸዋ ዝንብ ነድፋው፣ ለሳምንታት በማይለቅ ትኵሳት ሲቃጠል፣ ጣፊያው ሲያብጥ፣ ሥጋው ሲያልቅ ያላየ የዚህ አገር ሰው የለም። ካላዛር ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ስለዚህ ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኵሳት ያለበት ሰው በቤታችሁ ቢኖር፣ ወባ ነው ብሎ ብቻ ሳይተው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ይመርመር፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ ደዌ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል እንዳለ ይታወቅ።

የደዌውን ጥገኛ ተሕዋስ ዊልያም ሊሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1903 ከገለጡት በኋላ፣ ሊቃውንቱ ሕመሙ በሰው እንደሚሠራው አድርጎ የሚሠራበት ትንሽ እንስሳ አጥብቀው ይሹ ጀመር፤ እንዲህ ያለ እንስሳ ካልተገኘ መድኀኒቱን አስቀድሞ የሚሞክሩበት መንገድ አልነበራቸውምና። በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሳውል አድለር መጀመሪያ ከቻይና የሚመጡ ሃምስተሮችን ይጠቀም ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ በእጁ አልዋለዱለትም፣ ማስመጣቱም አድካሚ ሆነበት። ስለዚህ እስራኤል አሃሮኒ የተባለው የእንስሳት ሊቅ፣ ጆርጅ ዋተርሃውስ በ1839 በለንደን መግለጫዋን ከጻፈላት ወዲህ በሊቃውንት ዘንድ እምብዛም ያልታየችውን የሶርያን ሃምስተር እንዲፈልግለት ለመነው። አሃሮኒም በ1930 በሚያዝያ ወር በሶርያ ወደምትገኘው ወደ ሐለብ ወጥቶ፣ ባላገሮች በመሩት የስንዴ እርሻ ሠራተኞች ብዙ ከቆፈሩ በኋላ፣ እናቲቱን ከ11 ግልገሎቿ ጋራ ከጉድጓዷ አወጣ።

ለማደሪያ ጉዳይ የሚጠቅመን ትምህርት ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እናቲቱ ከግልገሎቿ ጋራ በጠባብ ሣጥን ብትዘጋ ጊዜ ጭንቅ ያዛትና ከልጆቿ አንዱን ገደለች፤ አሃሮኒም የቀሩትን ለማዳን ሲል እርሷን ገደላትና ግልገሎቹን ከባለቤቱ ጋራ በእጁ አሳደገ። ከእነርሱም 9ኙ ለዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ማደሪያ ኀላፊ ለሃይን ቤን መናሔም ተሰጡ፤ እርሱም ወለሉ እንጨት በሆነ ሣጥን አሳደራቸው። በማግሥቱ ቢመለከት 5ቱ ወለሉን በጥርሳቸው በልተው አምልጠው ጠፍተዋል። ከተረፉትም መካከል አንዲት እንስት ከወንድ ጋራ በመዘጋቷ በወንዱ ተበላች። ቤን መናሔም ግን ከጥፋቱ ተማረ፤ ሰፊ የሽቦ ማደሪያ አሠርቶ በጥብቅ በተጠቀጠቀ ድርቆሽ ሞላው፣ ከላይ ጥቂት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ብቻ ተወለት፣ እንስቲቱንም አስቀድሞ አስገባት። እርሷም ወደ ድርቆሹ ቦርቡራ ገብታ ጎጆዋን አበጀች፤ ወንዱ ከእርሷ በኋላ ሲገባ ተገናኙ፣ ወለዱም። ዓመት ሳይሞላ ቍጥራቸው ወደ 150 ደረሰ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ በየቤቱና በየቤተ ሙከራው የሚኖሩት የሶርያ ሃምስተሮች ከሞላ ጐደል የእነዚያ የጥቂቶቹ ዘር ናቸው። አስተውሉ፤ የማደሪያው ወለል ጥልቀት ሲያገኝ የሚጠፋው ዘር ዳነ።

ይህን ካወቅን፣ በእንስሳት መሸጫ ሱቅ መስኮት የሚታዩትን ማደሪያዎች የምንመዝንበት ሚዛን በእጃችን አለ ማለት ነው። በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠው፣ ፎቅና ደረጃ ያለው፣ ቱቦ ወዲያና ወዲህ የተዘረጋለት ጠባብ የሽቦ ቤት ለገዢው ዐይን የተሠራ እንጂ ለእንስሳዋ የተሠራ አይደለም ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። በጠባይዋ ከምድር በታች ማደር የምትሻውን ፍጥረት ወደ ላይ መስቀል ምን ይጠቅማታል? ዐይኗ ሩቁን አያይም፣ የከፍታን መጠን አትለይም፤ ስለዚህ ከፎቁ ጫፍ ወድቃ እግሯን ወይም አከርካሪዋን ትሰብራለች። በሽቦ የተሠራ ወለልም እግሯን ያቆስላል።

ሮልፍ ጋተርማንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ፍጻሜ በሐለብ ዙሪያ 30 ጉድጓዶችን ለክተው በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሃምስተሯ በዓት ከምድር በታች ከ36 እስከ 106 ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ፣ ነዋሪ ከተገኘባቸውም ጉድጓዶች አንዱም ከአንድ በላይ ያደገ ሃምስተር እንዳልነበረበት አስታውቀዋል። ከዚህ ሁለት ሕግጋት ይወጣሉ፤ አንደኛው ጥልቀት ነው፣ ሁለተኛውም ብሕትውና። በገዳም በዓት እንደ ዘጋ ባሕታዊ ብቻዋን ትኖራለች እንጂ ማኅበር አትወድም፤ ሕፃናት ግን ብቻዋን መሆኗ ያሳዝናቸውና ጓደኛ ይግባላት ይላሉ። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ነገር ልጆቻችሁን አትስሟቸው። በአንድ ማደሪያ ሁለት ያደጉ ሃምስተሮች ከተዘጉ፣ እኅትማማቾችም ቢሆኑ እንኳ፣ የኋላ ኋላ እስከ ሞት ይናከሳሉ፤ ለአንዲት ሃምስተር አንድ ማደሪያ፣ ለሁለት ሃምስተር ሁለት ማደሪያ ነው።

ስለ ጥልቀቱ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን አብራርቶታል። ለአንዳንዶቹ ሃምስተሮች 10፣ ለሌሎቹ 40፣ ለሦስተኞቹም 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጕዝጓዝ ሰጥተው ቢመለከቱ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የተሰጣቸው የማደሪያቸውን ሽቦ ደጋግመው ሲያኝኩ፣ በመሮጫው መንኰራኵርም ላይ ከሌሎቹ አብልጠው ሲሮጡ ታዩ፤ 80 የተሰጣቸው ግን ሽቦውን ከቶ አላኘኩትም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የወለሉ ስፋት ባነሰ ቍጥር ሽቦ ማኘኩ እንደሚበረታ አሳየ። ብዙ ሰው ይህን ማኘክ ጨዋታ ወይም ጥርስ መሳል ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ መፈጠሯ ለመቆፈር ሆኖ ሳለ መቆፈሪያ ያጣች ነፍስ የምታሰማው አቤቱታ ነውና፣ ይህን የምትሰሙ ባለቤቶች እንስሳዋን ሳይሆን ማደሪያዋን አርሙ።

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ መጠኑን ጻፉ። የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞች የደኅንነት ማኅበር እንደ ትንሹ መጠን የሚያዝዘው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ከፍታውም 50 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነው፤ ይኸውም በክንድ ሲለካ ሁለት ክንድ በአንድ ክንድ መሆኑ ነው። እኔ ግን ለጕዝጓዙ ጥልቀት ስል ከፍታውን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንድታደርጉት እመክራለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ታችኛው 40 በጕዝጓዝ ይሞላል፣ የቀረው ለመመላለሻዋ ይሆናል። የሽቦው ቀዳዳም ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ጭንቅላቷ ያለፈበት ቀዳዳ ገላዋንም ያሳልፋልና።

በመተማ ገበያ እንዲህ ያለ ማደሪያ ተሠርቶ አይሸጥም፤ ነገር ግን አንድ አናጢና አንድ ብረት በያጅ በአንድ ቀን ሊሠሩት ይችላሉ። ቈላው ሽመል የበዛበት በመሆኑ፣ ከሽመል ቢሠራስ የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣ ይሆናል፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አየርም ያስገባል። ይሁን እንጂ የኢየሩሳሌሙን የእንጨት ወለል ታሪክ የሰማ ሰው ሽመልን ለዚህች እንስሳ አይመርጥም። ቆርቆሮ ብቻውን ከሆነ ደግሞ በዚህ አገር ሙቀት ምድጃ ይሆናል። የመስተዋት ሣጥን በአውሮፓ ቤቶች እጅግ የተመሰገነ ነው፤ እዚህ ግን ትኵስ አየር በውስጡ ታምቆ ስለሚቀር አልመክረውም። ለቆላው የሚሻለው የእንጨትና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው፤ ይኸውም የሣጥኑ አጥንት ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፣ ወለሉና ታችኛው ግማሽ ከውስጥ በቀጭን ቆርቆሮ ይለበጣል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ እንዳይቆርጣት በደንብ ይታጠፋል፣ ላይኛው ግማሽና ክዳኑ ነፋስ እንዲመላለስበት በሽቦ ወንፊት ይሆናል። ቀለም አትቀቡት፤ የምታኝከው ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባልና።

ጕዝጓዙ ከንጹሕ ጭድና ካልታተመበት የወረቀት ቍርጥራጭ ተቀላቅሎ፣ በእጅ እየተጫነ በንብብር በንብብር ቢሞላ፣ የምትቆፍረው ዋሻ ሳይናድ ይቆማል፤ እንዲሁ ልል ሆኖ የተበተነ ጕዝጓዝ ጥልቀት ቢኖረውም ቤት አይሆናትም። ከአናጢ ቤት የሚገኘውን የጥድ ፍቅፋቂ አታስገቡላት፤ ሽታው ለሰው መልካም ቢሆንም የእርሷን የመተንፈሻ አካል ይጎዳል። በቆላችን የሚበቅለው ጥጥም ለስላሳ ነው ተብሎ ለመኝታዋ እንዳይሰጥ አደራ፤ ክሩ በእግሯ ተጠምጥሞ ደሟን ያቆማል፣ በጉንጯ ከረጢት ገብቶም ይታጐራል። ለጎጆዋ መጠንሰሻ ያህል ሽታ የሌለው የተቀደደ ሶፍት በቂዋ ነው፤ የቀረውን ራሷ ታበጀዋለች።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ በአገራችን እንደ ልብ የሚገኘው የሸክላ ዕቃ ነው። አፉ የተሰበረ ማሰሮ ወይም የጋን ገል ከግማሹ በላይ በጕዝጓዙ ውስጥ በጎኑ ቢቀበር፣ የማይታኘክ፣ የማይመርዝ መሸሸጊያ ይሆናል፤ በውጭ አገር በብዙ ገንዘብ ከሚሸጡት የፕላስቲክ ጎጆዎች ይህን አስበልጣለሁ። የተሰበረው ጠርዝ ግን በድንጋይ ተሞርዶ ይለስልስ። ከጓንግ ወንዝ የተዛቀ አሸዋም ታጥቦ፣ በምጣድ ታምሶ፣ ሲቀዘቅዝ በጎድጓዳ የሸክላ ሳሕን ቢቀርብላት ትንከባለልበታለች፣ ጠጕሯንም ታጠራበታለች፤ በውኃ ግን ፈጽሞ አትጠብ።

መንኰራኵርም ያስፈልጋታል። በሌሊት ረጅም መንገድ የምትሮጥ እንስሳ ናትና፣ የመንኰራኵሩ ስፋት ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጀርባዋ ሳይጐብጥ ትሮጣለች፤ መርገጫው ድፍን ይሁን፣ በዘንግ ብቻ የተሠራው እግሯን አስገብቶ ይሰብራል። ከባድ ዕቃ ሁሉ፣ መንኰራኵሩም ቢሆን የተቀበረው ማሰሮ፣ በጕዝጓዙ ብቻ ላይ አይረፍ፤ ከሥሩ ስትቆፍር እንዳይደፈጥጣት ከወለሉ በተነሣ እግር ወይም በክዳኑ ተሰቅሎ ይደገፍ።

አሁን ወደ ቆላው ልዩ ነገር እንመለስ። የሶርያ ሃምስተር ከሁሉ የሚስማማት ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው፤ አያልባትም፣ ስለዚህ ሙቀት ሲበረታባት ወደ ጥልቁ ከመውረድ በቀር መዳኛ የላትም፤ በተፈጥሮ በዓቷ የምድር ቅዝቃዜ ይጠብቃታል፣ በሰው ቤት ግን ያን ቅዝቃዜ የምንሰጣት እኛ ነን። ማደሪያዋ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ወይም ከማድቤት ጎን አይቀመጥ። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ የሆነ፣ ጣሪያው ሣር የለበሰ ቤት ለዚህ ጉዳይ ከቆርቆሮው ቤት እጅግ ይበልጣል። ውኃ የተሞላ ገንቦ ከማደሪያው ጎን አስጠግቶ ማኖርም አየሩን ያበርደዋል፤ የገንቦው እርጥበት ግን ወደ ጕዝጓዙ አይድረስ።

ሌላም አለ። በካላዛር ምርምር የተመረጠችው ጥገኛው ተሕዋስ በቀላሉ ስለሚይዛትና እንደ ሰው ስለሚያሳምማት ነው፤ እንግዲህ የአሸዋ ዝንብ በበዛበት በዚህ አገር፣ በተለይም በበጋው ማለቂያ፣ ማደሪያዋን በሌሊት ሳይሸፍኑ መተው ለራሳችን የማንወደውን ለእርሷ መፍቀድ ይሆናል። የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፣ በተራ አጎበር ቀዳዳም ታልፋለች፤ ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ስስ ጨርቅ ይፈለግ፣ ክዳኑንም ጎኑንም ይሸፍን፣ ጎሕ ሲቀድም ይገለጥ። ለጕዝጓዝ ተብሎ ከእርሻ የመጣ የዋልካ አፈርም አይጨመርላት።

ክዳኑ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑረው። የሐለብ ገበሬዎች ይህችን እንስሳ የእህል ጠላት አድርገው ያሳድዷታል፤ የሰሊጥና የማሽላ ገበሬ በሞላበት አገርም ባዕድ አይጥ ወደ እርሻ ማምለጧ ለማንም አይበጅም፤ ስለ ሰለቻችሁም ከሜዳ አትልቀቋት፤ ለጭልፊት ወይም ለእባብ አሳልፎ መስጠት ነውና።

ጽዳቱ ብዙ አያደክምም፤ ግን ጥበብ ይሻል። ሽንቷን በአንድ ማዕዘን ስለምትወስን ያን ማዕዘን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ማንሣት ይበቃል። ጕዝጓዙን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥቶ በአዲስ መተካት ግን የገዛ ጠረኗን ከቤቷ ማጥፋት ስለሆነ ያስጨንቃታል፤ በየጥቂት ሳምንቱ ሲሶው ብቻ ይለወጥ፣ የእህል ጎተራዋም የሻገተ ወይም የረጠበ ካልተገኘበት አይነካ።

ይህን ሁሉ ከሰማችሁ በኋላ፣ በመተማ ከተማ ሃምስተር ለማምጣት የምታስቡ ቤተሰቦች ብትኖሩ፣ ከእንስሳዋ አስቀድማችሁ አንድ የሙቀት መለኪያ ግዙና ማደሪያው ሊቀመጥበት ባሰባችሁት ማዕዘን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ካሉት ቀናት በጥቂቶቹ፣ በቀትርና በሌሊት እየተመለከታችሁ መዝግቡ። መለኪያው በቀትር ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ያ ቤት ለእነዚያ ወራት አይሆናትም፤ እኔም አታምጧት እላለሁ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኘው በጎንደር ከተማ ፈቃደኛ ዘመድ ያለው ግን፣ ማደሪያውን እዚያው አሠርቶ ልጁ ለዕረፍት ሲወጣ እንዲንከባከባት ማድረግ ይችላል። የምትጓጓዝ ከሆነም ጉዞው ከመተማ ሙቀቱ ሳይነሣ ሌሊት ይጀመር፤ መያዣው ትንሽ፣ ነፋስ የሚያስገባና ከራሷ አሮጌ ጕዝጓዝ ግማሽ ድረስ የተሞላ ይሁን፤ ለመንገዱም ውኃ ያለው ቍራጭ ዱባ ይቀመጥላት።